በረዶው ከለቀቀ በኋላ፤ የተራራ ሸለቆዎች ዳግም አፈጣጠር

በከፍተኛ ተራሮች ላይ ዘመናትን ያስቆጠረው ግግር በረዶ እየቀለጠ ወደ ላይ መሸሹ ዛሬ በሁሉ አፍ የሚነገር ነገር ሆኗል። ወሬው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቃው በጠፋው በረዶ ስፋትና ውፍረት ላይ ስለ ሆነ፣ በረዶው ለቆት የሄደው ሸለቆ ከዚያ ወዲህ ምን እንደሚሆን፣ ገደሉና ውኃው፣ ዕፀዋቱና እንስሳቱ፣ ከግርጌውም ሰፍሮ የሚኖረው ሕዝብ በምን ሥርዐት እንደሚለዋወጡ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ሐተታ የሚያተኩረው በዚሁ በተዘነጋው ወገን ላይ ሲሆን፣ የሊቃውንቱ ምርምር ከልዩ ልዩ አህጉር ተሰብስቦ ሲታይ የሚያስረዳው ዋና ነገር፣ በረዶ የለቀቀው ሸለቆ ፍጥረቱ እንደ አዲስ የሚጀመር መሆኑን፣ ክፍሎቹም በአንድ ፍጥነት የማይራመዱ መሆናቸውን ነው፤ ገደሉ በደቂቃ ይናዳል፣ ሐይቁ በጥቂት ዓመታት ይሞላል፣ ደኑ መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፣ የጠለቀ አፈር ግን ሺህ ዓመታትን ይጠይቃል። በሸለቆው ውስጥ የሚታየው አደጋም ሆነ በረከት ከዚህ የጊዜ አለመመጣጠን የሚመነጭ ይመስለኛል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ጥያቄው ራሱ ከተወለደባቸው ስፍራዎች አንዱ በስዊስ አገር፣ በቫሌ ክፍለ ሀገር የሚገኘው የባኝ ሸለቆ ነው። ዣን ፒየር ፔሮዳን የሚባል የዱር ፍየል አዳኝ፣ ከበረዶው ጫፍ እጅግ ርቀው በሚገኙ ዐለቶች ላይ በሸለቆው አቅጣጫ የተሰመሩ ጭረቶችን እያየ፣ እንዲህ ያለ ምልክት ሊተው የሚችለው ከባድ ነገር በላያቸው ተጎትቶ ያለፈ እንደ ሆነ ብቻ ነው፣ ያም በረዶው ነው ብሎ አሰበ፤ በ1815 ሐሳቡን ለማዕድን ሊቁ ለዣን ደ ሻርፓንትዬ ቢያጫውተው ግን ሊቁ ለማመን አልቻለም። በዚያ ዘመን የነበሩት ጠቢባን፣ ከአልፕስ የተነሣ የግራናይት ድንጋይ ሰፊውን ሜዳ ተሻግሮ በዩራ ተራሮች የኖራ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲያገኙት፣ ያመጣው ማየ አይኅ ወይም እርሱን የመሰለ ታላቅ የውኃ ሙላት ነው እያሉ ይተረጉሙ ነበርና የአዳኙ ቃል ለጆሯቸው እንግዳ ነበር። በ1818 ከዤትሮ ግግር የወረደው በረዶ የድራንስን ወንዝ ገድቦ ከኋላው ታላቅ ሐይቅ ፈጠረ፤ የክፍለ ሀገሩ መሐንዲስ ኢኛስ ቬኔትስ በበረዶው ግድብ ውስጥ ለውስጥ መተላለፊያ አስቆፍሮ ከውኃው ከፊሉን ቢያስተነፍስም፣ በጁን 16 ቀን ግድቡ ተሰብሮ ጎርፉ እስከ ማርቲኒ ከተማ ድረስ ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ ወሰደ። ከዚህ በኋላ ቬኔትስ የአዳኙን ሐሳብ ተቀብሎ አስፋፋው፣ ሻርፓንትዬም ውሎ አድሮ አመነ፤ ሉዊ አጋሲ በ1837 በኑሻቴል ከተማ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ተናግሮ በ1840 በመጽሐፍ ባወጣው ጊዜ የበረዶ ዘመን ትምህርት በዓለም ታወቀ። ድንጋይን በትዕግሥት ያነበበው ሰው የተራራው ልጅ መሆኑ፣ ጥያቄውንም አጣዳፊ ያደረገው የብዙ ቤት መፍረስ መሆኑ፣ ዛሬም ለዚህ ጥናት የሚሠሩ ሰዎች ሊዘነጉት የማይገባ ነው።

በረዶው ሳለ የሠራውን ማወቅ ለሚከተለው ሁሉ መሠረት ነው። ወንዝ ብቻውን የቆፈረው ሸለቆ ወደ ታች እየጠበበ ሲሄድ፣ በግግር በረዶ የተፋቀው ግርጌው የሰፋ፣ ግድግዳውም ቀጥ ብሎ የቆመ ይሆናል። ገባር የነበረው ትንሽ ግግር እንደ ዋናው ጠልቆ ለመቆፈር ኃይል ስለማይኖረው፣ በረዶው ባለቀ ጊዜ የገባሩ ሸለቆ በገደሉ ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ በላውተርብሩነን የሚወርደው የሽታውብባኽ ፏፏቴ ወደ 300 ሜትር የሚጠጋ ቁመት ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በረዶው እየገፋ በጎኑና በፊቱ የከመረው ድንጋይና አፈር ሞሬን ይባላል፤ ከሥሩ የፈጨው ደቃቅ ደግሞ ከቀላጩ ውኃ ጋር ስለሚወርድ ወንዙ ነጭ ሆኖ ይፈሳል። እንግዲህ በረዶው ሲሄድ የሚተወው ርስት ቀጥ ያለ ገደል፣ ያልረጋ የድንጋይ ክምር፣ የጎደጎደ ግርጌ፣ ደለል የተሸከመ ወንዝ ነው ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሚነቃነቀው ገደሉ ነው። ዘመናትን ሙሉ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ ጎኑን ተደግፎት የኖረ ተራራ፣ በረዶው ሲጎድልበት ምሰሶው እንደ ተነሣበት ጎጆ ማዘንበል ይጀምራል። የካናዳ አገር ተመራማሪዎች ማይክል ቸርችና ጁን ራይደር በ1972 ባወጡት ጥናት፣ በረዶ የለቀቀው ምድር ከሌላው ምድር የተለየ የመናድና የመታጠብ ዘመን እንዳለው፣ ያም ዘመን ክምሩ ተጠርጎ እስኪያልቅ ድረስ በረዶው ከጠፋ በኋላ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሊቀጥል እንደሚችል አስረድተዋል። በአልፕስ ከሁሉ በሚረዝመው በአሌች ግግር ጫፍ አጠገብ የሚገኘው የሞስፍሉ ቁልቁለት ለዚህ ምስክር ነው፤ ለረዥም ዘመን ቀስ እያለ ሲንሸራተት ቆይቶ በ2016 መጸው ፍጥነቱ በድንገት ጨምሮ ምድሩ በሰፋፊ ስንጥቆች ተተረተረ፤ ከላዩ የተሠራው የገመድ መኪና ጣቢያም ተራራው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከቦታው እንዲዛወርና እንዲስተካከል ሆኖ የታነጸ ነው። ከዚህ ጋር ከፍ ባለው ስፍራ በዐለቱ ስንጥቅ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሳይቀልጥ የሚኖረው ውርጭ፣ ድንጋይን ከድንጋይ አያይዞ የሚይዝ ሲሆን፣ ሙቀቱ ወደ ውስጥ በገባ መጠን ይህ ማሰሪያ ይላላል።

በሎትሽን ሸለቆ በብላተን መንደር ላይ የደረሰው ነገር ደግሞ ጉዳዩ ምን ያህል የተወሳሰበ እንደ ሆነ ያሳያል። በ2025 የጸደይ ወራት ከክላይነስ ኔስትሆርን ተራራ የሚናደው ዐለት በበርች ግግር ላይ እየተከመረ ክብደቱ በረዶውን ወደ ፊት ገፋው፤ በዙሪያው ያሉት ግግሮች ሁሉ ሲሸሹ ይህ አንዱ ወደ ታች መግፋቱ ለተመልካቹ የጤና ምልክት ሊመስል በቻለ ነበር፣ ነገር ግን የመጥፊያው ዋዜማ ነበር። ባለሥልጣኖቹ በሜይ 19 ቀን 300 ያህሉን የመንደሩን ሰዎች ከነከብቶቻቸው አስወጡ፤ በሜይ 28 ቀን ግግሩና ዐለቱ አብረው ወርደው ከመንደሩ ዘጠና ከመቶ የሚሆነውን ቀበሩት፣ የሎንዛን ወንዝም ገደቡት። ያ ሁሉ ሕዝብ መትረፉ ተራራውን ቀንም ሌትም የሚከታተሉ ሰዎችና መሣሪያዎች በመኖራቸው፣ ከሁሉም በላይ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ወዲያው በመታመኑ ነው። አንድ ሰው ግን በዚያ ናዳ ሕይወቱ አልፏል።

ሁለተኛው ለውጥ የሐይቆች መወለድ ነው። በረዶው የጎደጎደውን ግርጌ ለቆ ሲሸሽ ውኃው በጉድጓዱ ይጠራቀማል፣ ፊቱንም የሞሬኑ ክምር ይገድበዋል፤ ግድቡ በእጅ ያልታነጸ፣ ውስጡ ድንጋይና አሸዋ አንዳንድ ጊዜም የተቀበረ በረዶ የሆነ ነውና ሊታመን አይችልም። ሳተላይት ያነሣውን ሥዕል መርምሮ በ2020 የወጣ ጥናት እንዳስረዳው ከ1990 እስከ 2018 ባለው ጊዜ በዓለም ላይ እንዲህ ያሉ ሐይቆች በቍጥር 53 ከመቶ፣ በያዙት ውኃ ደግሞ 48 ከመቶ ያህል ጨምረዋል። የዚህ ነገር መራራ ትምህርት የተገኘው በፔሩ፣ ኮርዲዬራ ብላንካ በሚባለው ሰንሰለት ሥር ነው። በዲሴምበር 13 ቀን 1941 ማለዳ ፓልካኮቻ የተባለው ሐይቅ ግድቡን ሰብሮ በሸለቆው ወርዶ የዋራስን ከተማ ከፊል አጠፋ፤ የሞተው ሰው በትንሹ 1,800 ሲሆን ከዚያ እጅግ የሚያልፍ ቍጥር የሚጠቅሱም አሉ። መንግሥቱ ከዐሥር ዓመት በኋላ ሐይቆቹን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት አቋቁሞ፣ የፔሩ መሐንዲሶችና የቀን ሠራተኞች ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥተው፣ በቀጭን አየር ውስጥ በአካፋና በዶማ ጭምር እየቆፈሩ፣ ከብዙ አደገኛ ሐይቆች ውኃ አስተንፍሰዋል፣ ግድባቸውንም በግንብ አጠናክረዋል። የዓለም ጋዜጦች ስለ በረዶ መቅለጥ ይህን ያህል ሲጽፉ የእነዚህን ሰዎች ሥራ እምብዛም አለማንሳታቸው ያሳዝነኛል፤ በሕይወት የሚኖር ሰው ሁሉ ስሙን የማያውቀው ባለውለታ አለው ከተባለ፣ የዋራስ ሕዝብ ባለውለታዎች እነርሱ ናቸውና።

ያም ሆኖ ፓልካኮቻ ከ1941 በኋላ ግማሽ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ብቻ ቀርቶት የነበረው፣ ከላዩ ያለው በረዶ እየሸሸ ጉድጓዱን ስላሰፋለት በ2009 ከ17 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ሞልቶ ተገኘ፤ ከ2011 ጀምሮ ውኃውን በቱቦ እየሳቡ ዝቅ ያደርጉታል። በከተማው የሚኖር አንድ ገበሬ፣ ከዓለም ታላላቅ ጭስ አመንጪዎች አንዱ የሆነ የጀርመን የኤሌክትሪክ ኩባንያ ለመከላከያው ወጪ ድርሻውን ይክፈል ሲል በ2015 ክስ አቅርቦ ነበር። የሐም ከተማ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን የሰጠው በሜይ 28 ቀን 2025፣ ብላተን በተቀበረችበት በዚያው ዕለት ነው፤ የገበሬውን ቤት የሚያሰጋው አደጋ በቂ ሆኖ አልተገኘም ብሎ ክሱን ቢዘጋውም፣ ጭስ አመንጪዎች ለእንዲህ ያለ ጕዳት በመርሕ ደረጃ ተጠያቂ ሊሆኑ እንደሚችሉ ግን ተቀብሏል። ፍርዱ ለገበሬው ገንዘብ ባያስገኝም፣ በሕግ ፊት ያልነበረ በር ከፍቷል ብዬ አምናለሁ፤ በጭሱ ያልተጠቀመ ሰው የመዘዙ ተቀባይ ሲሆን ዝም ማለት ከፍትሕ ውጭ ነውና።

ስለ ወንዞቹ በአጭሩ እንናገር። ግግሩ መቅለጥ ሲጀምር የወንዙ ውኃ ለተወሰኑ ዓሥርተ ዓመታት ይጨምራል፣ ከዚያም በረዶው እያነሰ ሲመጣ የበጋው ፍሰት ይቀንሳል፤ ገበሬው ጭማሪውን እንደ ዘላቂ ቆጥሮ መስኖውን ካሰፋ በኋላ ጉድለቱ ይደርስበታል። በኮርዲዬራ ብላንካ ከዚህ የባሰ ነገር ተጨምሯል፤ በረዶው ሸፍኖት የኖረው ዐለት ድኝ ያለበት ማዕድን ስላዘለ፣ አየርና ውኃ ሲያገኘው አሲድ እያመነጨ ምንጮቹን ያበላሻል፣ የወንዙም ድንጋዮች የዝገት ቀለም ይይዛሉ። በዚያ የሚኖሩ ገበሬዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው ውኃውን ረግረጋማ ዕፀዋት በተተከሉባቸው ኩሬዎች እያሳለፉ ለማጥራት ይሞክራሉ።

ከዚህ ሁሉ መናድና ጎርፍ ጎን ለጎን ሕይወት የምትገባበት መንገድ ግን ሌላ ዓይነት ንባብ የሚፈልግ ነው። በምሥራቅ ስዊስ በሞርተራች ሸለቆ የሚወጣው የእግር መንገድ፣ የግግሩ ጫፍ በየዘመኑ የት እንደ ነበረ በሚያመለክቱ ሰሌዳዎች የታጀበ ነው፤ በረዶው ከ1860 ገደማ ጀምሮ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሸሸ፣ ከባቡር ጣቢያው ተነሥቶ ወደ ላይ የሚራመድ ሰው በዘመን ላይ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት፣ ከአረጀው ምድር ወደ ሕፃኑ ምድር ይሄዳል። ከታች ላርች የሚባሉት፣ በክረምት ቅጠላቸውን የሚያረግፉ የጥድ ወገኖች ከሥራቸው ቁጥቋጦና የበሰበሰ ቅጠል ይዘው ቆመዋል፤ ከፍ ሲሉ ዛፎቹ ያንሳሉ፣ ይራራቃሉ፣ አፈሩም በድንጋዮቹ መካከል ብቻ የሚገኝ ስስ ነገር ይሆናል፤ ከዚያም ባለ ሐምራዊ አበባ ኤፒሎቢየም በጠጠሩ ውስጥ ለብቻው ይታያል፤ ከበረዶው አጠገብ ሲደርሱ ለዓይን የሚታይ ዕፅ የለም። የለም ማለት ግን ባዶ ነው ማለት አይደለም። ከአየር ናይትሮጅን የሚወስዱ ደቂቅ ፍጥረታት በጠጠሩ ላይ አስቀድመው ይሰፍራሉ፣ ከሣሩም ከአበባውም በፊት ሸረሪቶችና ሥጋ በል ጢንዚዛዎች ነፋስ ከታች የሚያመጣቸውን ነፍሳት እየተመገቡ ይኖራሉ፤ መጀመሪያ ሣር፣ ቀጥሎ ሣር በል፣ በመጨረሻ ሥጋ በል ይመጣል የሚለው የትምህርት ቤት ቅደም ተከተል በዚህ ስፍራ አይጸናም።

የዚህ ጥናት ታላቁ መጽሐፍ ተብሎ ሊቆጠር የሚገባው በአላስካ የሚገኘው ግሌሸር ቤይ ነው። በ1794 የጆርጅ ቫንኩቨር መርከበኞች ሲያልፉ ወሽመጡ እስከ አፉ ድረስ በበረዶ የተሞላ ነበር፤ ጆን ሙር በ1879 በታንኳ ሲገባ በረዶው ብዙ አሥር ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ሸሽቶ አገኘው። የዕፀዋት ሊቅ የሆነው ዊልያም ኩፐር በ1916 በባዶው ምድር ላይ አንድ አንድ ሜትር ካሬ የሆኑ ቦታዎችን ለክቶ ምልክት አደረገባቸው፣ እየተመላለሰም የበቀለውን ሁሉ መዘገበ፤ እርሱ ካለፈ በኋላ ሌሎች ተቀብለውት፣ ምልክቶቹ ከመቶ ዓመት በኋላ ዳግመኛ ተፈልገው ተገኝተው አሁንም እየተለኩ ናቸው፤ አገሩም በ1925 በሕግ እንዲጠበቅ ያደረገው የእርሱና የባልንጀሮቹ ጥረት ነው። በዚያ የተነበበው ታሪክ ምድሩን የሚያለብስ ድሪያስ የተባለ ተሳቢ ዕፅ፣ ቀጥሎ ናይትሮጅን ወደ አፈሩ የሚያስገባው የአልደር ቁጥቋጦ፣ ከእርሱም በኋላ ረዣዥሙ ጥድ በተራ የሚነግሡበት ነበር። በ1990ዎቹ ክሪስቶፈር ፋስቲ የዛፎቹን የዕድሜ ቀለበት ቆጥሮ፣ ከወሽመጡ አፍ አጠገብ ያለው ያረጀው ደን የአልደር ዘመን የሚባለውን እንዲህ አድርጎ እንዳላለፈ፣ የጥዱ ፈጥኖ መምጣት የተወሰነው ዘር ከሚያቀብለው አሮጌ ደን ባለው ርቀት ጭምር መሆኑን አስረዳ። ይህን እርማት እንደ ታላቅ ነገር እቆጥረዋለሁ፤ የአንዱን ሸለቆ መንገድ ለሁሉ ሸለቆ ሕግ አድርጎ መስበክ ምን ያህል እንደሚያሳስት አሳይቷልና። የወሽመጡ ዙሪያ መሬትም ራሱ ከበረዶው ክብደት ተገላግሎ በየዓመቱ እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ከባሕር ወለል ከፍ ይላል፤ የባሕር ዳር የነበረው ጭቃ ሜዳ፣ ሜዳውም ጫካ እየሆነ ነው።

በምድር ወገብ አካባቢ ያሉት የአፍሪካ ተራሮች በዚህ ጉዳይ የተለየ ምስክርነት አላቸው። ኪሊማንጃሮ በ1912 ከነበረው በረዶ እስከ 2007 ድረስ 85 ከመቶውን አጥቷል። በኬንያ ተራራ ላይ የጃፓኑ ሊቅ ካዙሃሩ ሚዙኖ የቲንደልን ግግር ለብዙ ዓመታት ሲከታተል፣ ሴኔሲዮ ኬኒዮፊተም የተባለው ትንሽ ዕፅ በረዶው በሸሸ መጠን ከኋላው እየተከተለ ወደ ላይ እንደሚወጣ ለክቷል፤ በ1997 ከዚሁ ግግር ጫፍ የወጣው የነብር በድን ተመርምሮ 900 ዓመት ያህል ዕድሜ ተገኝቶበታል። በአገራችንም በሰሜንና በባሌ ተራሮች በረዶ እንደ ነበረ ሞሬኖቹ ይመሰክራሉ፤ የሰሜኑን ስዊሳዊው ሃንስ ሁርኒ አጥንቶት በ1982 አሳትሞታል። በባሌ፣ በፊንጫ ሐበራ ዋሻ፣ ከ3,400 ሜትር በላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ግግሮቹ በአቅራቢያቸው ሳሉ ታላቁን ፍልፈል እየጠበሱ ሲበሉ እንደ ነበር በ2019 የወጣው ጥናት ገልጿል። በረዶው ያጎደጎደው የገርባ ጉራቻ ሐይቅ ደለል ከ16,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ያለውን ታሪክ በንብርብሩ ይዟል፤ የአበባው ብናኝ ሲመረመር አስታው በሰፊው የተስፋፋው ከ11,000 ዓመት በፊት ገደማ፣ አየሩ ሲሞቅና ዝናቡ ሲጨምር ነው። በረዶው ከለቀቀ በኋላ ቁጥቋጦው ያንን ሁሉ ሺህ ዓመት መጠበቁ፣ የሸለቆ መታደስ በሰው ዕድሜ የሚለካ ነገር እንዳልሆነ ያስረዳል። ዛሬም በሳነቴ አምባ ላይ በጥንቱ ቅዝቃዜ የተደረደሩት የድንጋይ መስመሮች ሳይፈርሱ ይታያሉ፣ ፍልፈሉም በመካከላቸው አፈሩን ይገለብጣል፣ ቀይ ቀበሮውም እርሱን ያድናል።

አሁን አከራካሪ የሆነው ጥያቄ አዲሱ ምድር የማን ነው የሚለው ነው። በ2023 የወጣ ጥናት እንደሚገምተው እስከ 2100 ከግሪንላንድና ከአንታርክቲካ ታላላቅ የበረዶ ንጣፎች ውጭ ያሉት ግግሮች ለቀው የሚሄዱት ምድር፣ የሙቀቱ መጨመር ከተገታ የኔፓልን፣ ካልተገታ የፊንላንድን ስፋት ያህላል፤ ዛሬ ግግር ከሸፈነው ምድር ውስጥም በሕግ የተጠበቀው ከግማሽ ያነሰ ነው። በበርን ክፍለ ሀገር የሚገኘው የትሪፍት ግግር ከ2000 ወዲህ ፈጥኖ ሲሸሽ በስፍራው ሐይቅ ተፈጠረ፤ በበረዶው ላይ ተራምደው ወደ ማደሪያ ቤቱ ይሻገሩ የነበሩት ተራራ ወጪዎች መሻገሪያ ስላጡ በ2004 የገመድ ድልድይ ተሠራላቸው፣ ብዙ ሳይቆይ ደግሞ ለኤሌክትሪክ ኀይል ግድብ እንዲታነጽበት ዕቅድ ወጥቶ እስካሁን ያከራክራል። ያለ ጭስ የሚገኝ ኀይል አስፈላጊ መሆኑን የሚክድ የለም፤ በእኔ አስተያየት ግን፣ እንደ ፓልካኮቻ ከግርጌው ከተማ ባለበት ሐይቅ ላይ ሥራው አንድ ቀን ሊዘገይ አይገባም፣ ማንንም በማያሰጋው ሸለቆ ላይ ግን ሕይወት ገና መስፈር ስትጀምር ውኃ ማስተኛት፣ ኩፐር ያገኘውን ዓይነት መጽሐፍ ከመነበቡ በፊት እንደ ማጥፋት ይቆጠራል። ስዊስ በ2001 ብዙ የግግር ደጃፎችን ከሚጠበቁት የጎርፍ ሜዳዎች ዝርዝር አግብታለች፤ ድንበሩ ግን የተሰመረው በረዶው ያኔ በነበረበት ስፍራ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ የተገለጠው ምድር ገና በየሸለቆው ለብቻው መለካትና መመዝገብ ይኖርበታል።